በሰርግ ቀን ሰባት ጊዜ የተደወለላት ሥራ አስኪያጅ

ደብዳቤው እንዲህ ይላል፦

«ጋሼ፣ ሰላምዎ ይብዛ። የ33 ዓመት ሴት ነኝ። ደሴ ውስጥ ወንድሜ የሠራውን ሆቴል አስተዳድራለሁ። 24 ክፍል አለን፤ ምድር ቤቱ ካፌና ምግብ ቤት ነው። ወንድሜ የሚኖረው ውጭ አገር ነው። ቤቱን በካሜራ ከስልኩ ላይ ያያል። አንዳንዴ እኔን ትቶ ለካሸሯ ይደውልላታል። ባለፈው ዓመት ብቻ 11 አስተናጋጅ ለቀቀብኝ። ዕቃ ይሰብራሉ፣ እቀጣለሁ። ያረፍዳሉ፣ እቀጣለሁ። ለውጥ የለም። እንግዳው ያማርራል። በቀደም ሐይቅ የአጎቴ ልጅ ሰርግ ሄጄ ሁለት ሰዓት ሳልቀመጥ ሰባት ጊዜ ተደወለልኝ። ምሳ ሳልበላ ተመለስኩ። እኔ ከሌለሁ ሥራው ይቆማል። ወንድሜ ‹የትልልቅ ድርጅት መሪዎች እንዴት እንደሚሠሩ አንብቢ› ይለኛል። አነበብኩ። ሁሉም ‹ደንበኛ ንጉሥ ነው› ይላል። እሱንማ አስተናጋጆቹም ያውቁታል። እርስዎ በሆቴል ሥራ ያረጁ ሰው ነዎትና እንደ ልጅዎ ይምከሩኝ። ትልልቆቹ ጥሩ አስተዳደር የሚሉት ምኑን ነው? ለእኔ ቢጤውስ ይሆናል?

ግራ የገባኝ፣ ከደሴ»

ልጄ፣ «እንደ ልጅዎ» ስላልሽኝ አንቺ እያልኩ ልጻፍልሽ።

ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። በሁለተኛው ላይ እርሳስ አንስቼ አንድ መስመር አሰመርኩበት። «እኔ ከሌለሁ ሥራው ይቆማል» የምትለዋን። የጻፍሽው የልፋትሽን ልክ ለማሳየት ነው። እንደምትለፊ አምናለሁ። ከሰርግ ምሳ ሳይበሉ መመለስ ቀላል ነገር አይደለም። ግን ሕመሙም ያለው እዚያችው መስመር ላይ ነው። ትልልቆቹ የአገልግሎት ድርጅት መሪዎች በብዙ ነገር አይስማሙም። በዚህ ግን ብዙዎቹ አንድ ናቸው። የአገልግሎት ሥራ አስኪያጅ የሚለካው እሱ በሌለበት ሰዓት በሚሆነው ነው።

ምክንያቱ ቀላል ነው። ብሎኬት የሚያመርት ሰው ብሎኬቱን ሳይሸጥ በፊት ያየዋል። የተሰነጠቀውን ይለያል። አንቺ ግን የምትሸጪውን ቀድመሽ ልታዪው አትችዪም። አስተናጋጇ ጠረጴዛው ጋ ስትደርስ ነው የሚሠራው። እዚያው ተሠርቶ እዚያው ያልቃል። ከተሰነጠቀም ቀድሞሽ የሚያየው እንግዳው ነው።

ይህን በቁጥር ያስቀመጠ ሰው አለ። ያን ካርልዞን ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1981 ኪሳራ ላይ የነበረውን የስካንዲኔቪያ አየር መንገድ ተረከበ። ሒሳቡ እንዲህ ነበር። በዓመት 10 ሚሊዮን መንገደኛ አለን። እያንዳንዱ መንገደኛ ወደ አምስት ከሚጠጉ ሠራተኞቻችን ጋር ይገናኛል። አንዱ ግንኙነት በአማካይ 15 ሰከንድ ይፈጃል። ስለዚህ ድርጅታችን በዓመት 50 ሚሊዮን ጊዜ፣ በ15 በ15 ሰከንድ ይፈተናል። እነዚያን ሰከንዶች «የእውነት ቅጽበት» አላቸው። አውሮፕላኑ አይደለም ድርጅቱ፤ እነዚያ ሰከንዶች ናቸው አለ። ከዚያ ያደረገው ነገር ነው ትልቁ። 50 ሚሊዮን ጊዜ አጠገብ መቆም የሚችል አለቃ ስለሌለ፣ የመወሰኑን ሥልጣን ከመንገደኛው ፊት ለቆሙት ሠራተኞች ሰጠ።

የአንቺን ቤት ደግሞ አስቢው። በቀን 150 ሰው ቢገባና እያንዳንዱ ሦስት ሠራተኛ ቢያነጋግር 450 ጊዜ ነው። ዘበኛው ሰላም ሲል አንድ። አስተናጋጇ ስትታዘዝ ሁለት። ካሸሯ መልስ ስትሰጥ ሦስት። ከ450ው ስንቱን ታዪዋለሽ? ወንድምሽ በካሜራ ስንቱን ያየዋል? ካሜራ እጅ ያያል እንጂ ቃል አይሰማም።

አሁን ከሆቴሉ ወጥተን አንድ የወሎ ቤት እንግባ። ከሰዓት በኋላ ነው። እናት ገበያ ወጥታለች። ቤት ያለችው የ12 ዓመት ልጅ ናት። እንግዳ መጣ። ልጅቷ «ግቡ፣ ግቡ» ትላለች። መቀመጫ ታቀርባለች፣ ውሃ ትሰጣለች፣ ከሰል ታያይዛለች፣ ቡና ትቆላለች። ቆሎ ካለ ቆሎ፣ ዳቦ ካለ ዳቦ። ለእናቷ ደውላ አታስፈቅድም። ቤት ያፈራውን ለእንግዳ ማቅረብ የእሷም ድርሻ እንደሆነ ታውቃለች። እንዲያውም እናቷ የምትቆጣት ሳታቀርብ ብትቀር ነው።

ያቺው ልጅ 22 ዓመት ሞላትና አንቺ ዘንድ ተቀጠረች። አንድ እንግዳ «እህት፣ ሻዩ ቀዝቅዟል» አላት። ትቆማለች። ሻዩን ታያለች፣ ወደ ካሸሯ ታያለች፣ ወደ ካሜራው ታያለች። ብትቀይርለት ሒሳቡ ከማን ላይ እንደሚቆረጥ ታስባለች። «ቆይ ጠይቄ ልምጣ» ትለዋለች። አንቺ ደግሞ ሐይቅ ሰርግ ላይ ነሽ። ስልክሽ ይጮኻል።

በ12 ዓመቷ የነበራትን ሥልጣን በ22 ዓመቷ የወሰድንባት እኛ ነን። «የወሎ ሰው እንግዳ ተቀባይ ነው» ሲባል ደስ ይለናል፣ እውነትም ነው። ሆቴሎቻችን ውስጥ ያ እንግዳ ተቀባይነት የሚጠፋው ግን ልጆቹ ተለውጠው አይደለም። ከቤት የለመዱትን እንዳያደርጉት ስለከለከልናቸው ነው። ለእኔ በዚህ ሥራ ከሁሉም የሚያንገበግበኝ ይኸው ነው።

ሪትዝ ካርልተን የሚባለው የሆቴል ድርጅት አንድ የታወቀ ደንብ አለው። ማንኛውም ሠራተኛ፣ አልጋ አንጣፊም ብትሆን፣ የእንግዳን ችግር ለመፍታት አለቃ ሳትጠይቅ እስከ 2,000 ዶላር ማውጣት ትችላለች። ወንድምሽ ይህን ቢሰማ ከወንበሩ ይነሳል፣ አውቃለሁ። ገንዘቡን አትቅጂው። ሐሳቡን ቅጂው። ለአንቺ ቤት እኔ እንዲህ ባደርግ እመርጣለሁ። እንግዳ ያልተስማማውን ምግብ ወይም መጠጥ አስተናጋጇ አንድ ጊዜ ያለጥያቄ ትቀይር። ካሸሯ እስከ 300 ብር የሚደርስ ቅሬታ በራሷ ትፍታ። ሪሴፕሽን ያለው ልጅ፣ ክፍሉ ካልተያዘ፣ እንግዳው እስከ ቀኑ 8 ሰዓት እንዲቆይ ይፍቀድ። 300 ብሩን እንደ ቤትሽ አቅም ከፍ ዝቅ አድርጊው። ዋናው ቁጥሩ የታወቀ መሆኑ ነው። ልኩ ካልታወቀ ፍርሃቱ አይለቃቸውም።

ከዚያ አንድ ደብተር ካሸሯ ጋ አስቀምጪ። ምን ተቀየረ፣ ለምን፣ ማን ቀየረው፣ ይህን ብቻ ይጻፉ። በሳምንቱ መጨረሻ አብራችሁ አንብቡት። በአንድ ሳምንት ውስጥ አምስት ሰው ጥብሱን «ጠንክሯል» ብሎ ከመለሰ ችግሩ አስተናጋጇ ጋ አይደለም። ሥጋው ጋ ወይም ምጣዱ ጋ ነው። ደብተሩ ባይኖር ይህን መቼ ታውቂው ነበር? ዛሬ እኮ የተቆጣው እንግዳ ዝም ብሎ ከፍሎ ይወጣል። ሁለተኛ አይመጣም። የአገራችን ሰው ይሉኝታው ብዙ ነው፤ ፊት ለፊት አያማርርም። ለጎረቤት ግን ይነግራል።

«ይሰርቁኛል» ትይኝ ይሆናል። የሚሰርቅ አይጠፋም። ግን የሚሰርቅ ሰው ደብተር ካለበት ቤት ይልቅ ደብተር የሌለበትን ይወዳል። አንዷ አላግባብ ከተጠቀመች አንዷን አነጋግሪ። በአንዷ ጥፋት የዘጠኙን እጅ አትሰሪ።

ወደ ቅጣቱ ልምጣ። እዚህ ላይ ስለራሴ ነው የማወራሽ።

ኮምቦልቻ አንድ ሆቴል ውስጥ ኃላፊ ነበርኩ። ወጣት ነኝ፤ አስተዳደር ማለት ኃይለኛነት ይመስለኛል። ብርጭቆ የሰበረ ዋጋውን ይከፍላል የሚል ወረቀት ወጥ ቤቱ በር ላይ ለጠፍኩ። በወሩ የተመዘገበው ስብራት ከ19 ወደ 4 ወረደ። ለባለቤቱ በኩራት ነገርኩት። በሦስተኛው ወር አንድ የከባድ መኪና ሹፌር ውሃ ሲጠጣ ከንፈሩ ተቆረጠ። ሮጬ ሄድኩ። ሰውዬው መሐረቡን ከንፈሩ ላይ ይዟል። ብርጭቆውን አንስቼ ወደ መስኮቱ አዞርኩት። ጠርዙ ላይ የምስር ክክ የምታህል ስብራት አለች። ስብራቷ ውስጥ የሻይ እድፍ ይዟል፤ ቡናማ ነው። የዛሬ ስብራት አልነበረም። ስንት ቀን ታጥቧል፣ ተደርድሯል፣ ቀርቧል። መደርደሪያውን በሙሉ አስወረድኩ። እንደዚያ ያለ ዘጠኝ ብርጭቆ አገኘን። ስብራታቸው ወደ ግድግዳው ዞሮ ነበር የተደረደሩት። ዕቃ አጣቢዋ ልጅ እጇ በሳሙና እንደራሰ ቆማ ታለቅሳለች። «ከደመወዜ ስለሚቆረጥ ነው ጋሼ» አለችኝ።

ስብራቱ አልቀነሰም ነበር። የቀነሰው የሚነግረኝ ሰው ነው። ብርጭቆዎቹን ወደ ግድግዳው ያዞርኳቸው እኔ ነኝ። ወረቀቱን በዚያው ቀን ቀደድኩት። ለልጅቷ ይቅርታ ለማለት ግን ሁለት ሳምንት ፈጀብኝ። እስከዛሬ ሲያሳፍረኝ ይኖራል።

አንቺም ቤት ዘንድሮ ስንት ነገር ወደ ግድግዳ ዞሮ ተቀምጦ ይሆን? ወጥ ቤትሽ ጥግ ላይ አንድ ካርቶን አስቀምጪ። የተሰበረም፣ የተነቃነቀም፣ ጠርዙ የሄደም እዚያ ይግባ። ማን እንደጣለው አትጠይቂ። በወሩ መጨረሻ ቁጠሪና የት እንደሚሰበር እዪ። አብዛኛው ማጠቢያው ጋ ከሆነ ምናልባት ማጠቢያው ጠቦ ነው። የብርጭቆ ስብራት እንደ ስኳርና እንደ ከሰል የቤቱ ወጪ ነው። በወጪሽ ያዢው።

ሕጉንም እወቂው። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ደመወዝ እንደልብ መቁረጥ አይፈቅድም። በሕግ፣ በኅብረት ስምምነት፣ በሥራ ደንብ፣ በፍርድ ቤት ትእዛዝ ወይም ሠራተኛው በጽሑፍ ሲስማማ ነው የሚቆረጠው። ያም ሆኖ በአንድ ጊዜ የሚቆረጠው ከወር ደመወዙ ሲሶ ሊበልጥ አይችልም። አንድ ሳህን ስትሰብር ተነስተሽ የምትቆርጪ ከሆነ ከሕጉም ጋር ልትጋጪ ነው።

11 አስተናጋጅ በአንድ ዓመት ለቀቀ ብለሻል። ይህ ቁጥር ከገቢሽ ይልቅ ያስጨንቀኛል። አዲስ አስተናጋጅ ትሪ መያዝ በሳምንት ትማራለች። ጥጉ ጋ የሚቀመጡት አዛውንት ሻያቸውን ያለ ስኳር እንደሚጠጡ፣ ከባንክ የሚመጣው ልጅ ረቡዕና ዓርብ እንደሚጾም፣ ከሚሴ የሚመላለሰው ነጋዴ ሒሳብ ቶሎ እንደሚፈልግ ለማወቅ ግን ወራት ይፈጅባታል። ልክ ስታውቅ ጥላሽ ትሄዳለች። እውቀቱም አብሯት ጎረቤት ካፌ ይገባል።

እ.ኤ.አ. በ1994 አምስት የሃርቫርድ ሰዎች ይህንን እንደ ሰንሰለት ጽፈውታል። ትርፍ የሚመጣው ከሚመላለስ ደንበኛ ነው። ደንበኛ የሚመላለሰው ሲረካ ነው። የሚረካው ጥሩ አገልግሎት ሲያገኝ ነው። ጥሩ አገልግሎት የሚሰጠው ሥራውን የወደደና የቆየ ሠራተኛ ነው። ሠራተኛ የሚቆየው ደግሞ ውስጡ ያለው የሥራ ሁኔታ ሲመቸው ነው። ሰንሰለቱን ወደ ኋላ ስትስቢው የሚያልቀው ወጥ ቤትሽ ውስጥ ነው። እናቶቻችን ይህን በሁለት ቃል ብለውታል፤ ከፍትፍቱ ፊቱ። እኔ የምጨምረው አንድ ጥያቄ ብቻ ነው። ያ ፊት ጠዋት ከየት መጣ? ማታ ከምሽቱ 4 ሰዓት በኋላ በደሴ ብርድ ቁልቁለቱን ብቻዋን ወርዳ፣ ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ተመልሳ፣ የትናንት ወጥ ትራፊ በልታ የቆመች ልጅ ፊቷ እንዴት ይፈካል?

ዊላርድ ማሪዮት እ.ኤ.አ. በ1927 ዋሽንግተን ውስጥ ዘጠኝ መቀመጫ ባላት የለስላሳ መጠጥ መሸጫ ነው የጀመረው። ከአንቺ ካፌ ታንሳለች። በስሙ የሚጠራው የሆቴል ድርጅት እስከዛሬ የሚይዘው መመሪያ ሠራተኛህን ተንከባከብ፣ እሱ ደንበኛህን ይንከባከባል የሚል ነው። ሳውዝዌስት የተባለውን አየር መንገድ ካቋቋሙት አንዱ የሆነው ኸርብ ኬለኸርም ቅደም ተከተሉን በግልጽ ይናገር ነበር። መጀመሪያ ሠራተኛ፣ ቀጥሎ መንገደኛ፣ ከዚያ ባለአክሲዮን።

እርግጥ «ሠራተኛ ሀብታችን ነው» የማይል አለቃ የለም። እኔ የማየው ገንዘብ ሲያጥር ምን እንደሚያደርግ ነው። እ.ኤ.አ. ከመስከረም 2001 ጥቃት በኋላ የአሜሪካ አየር መንገዶች በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሠራተኛ ሲያሰናብቱ ሳውዝዌስት አንድም ሰው አልቀነሰም። እኛም ክፉ ቀን አይተናል። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ሲደርስ ስንት ሆቴል እንደተዘረፈ አንቺ ከእኔ በላይ ታውቂዋለሽ። ክረምት ላይ እንግዳ ሲቀንስ ግማሹን ያለ ደመወዝ «ቤታችሁ ቆዩ» ከማለትሽ በፊት ይህን አስቢ። የዓመት ዕረፍታቸውን በዚያ ወር አውጪላቸው። ግድግዳ ቀቡ፣ ፍራሽ አውጥታችሁ ፀሐይ አስመቱ፣ ሥልጠና ስጡ።

አሁኑኑ የምትችዪው ነገር አለ። የማታ ፈረቃ ለሚጨርሱት የባጃጅ ክፈዪ። ሦስትና አራት ልጅ በአንድ ባጃጅ ይሄዳል፤ ብዙ አይደለም። የሠራተኛ ምሳ ለብቻው ይሠራ፤ አንቺም በሳምንት ሁለት ቀን ከእነሱ ጋር ተቀምጠሽ ብዪው። ያ ወጥ ካልጣፈጠሽ ለእነሱም አልጣፈጠም። ከለቀቁት 11ዱ ደግሞ ሦስቱን ፈልጊ። ደሴ ናትና አይጠፉም። ቡና ጋብዢና ለምን እንደሄዱ ጠይቂ። ፊት ለፊት መናገር ይከብዳቸዋል። «ለእኔ ብላችሁ ሳይሆን ቀጥላ ለምትቀጠረው ልጅ ንገሩኝ» በያቸው። የሚነግሩሽ ከእኔ ምክር ይበልጣል።

«ደንበኛ ንጉሥ ነው» የሚለው አባባል አልወድልሽም። ንጉሥ ካለ አገልጋይ አለ ማለት ነው። ሪትዝ ካርልተን ሠራተኞቹን የሚያስጠናቸው ቃል ይሻለኛል፦ «ወይዛዝርትንና ክቡራንን የምናስተናግድ ወይዛዝርትና ክቡራን ነን።» ማታ ሞቅ ያለው እንግዳ የአስተናጋጇን እጅ ሲይዝ ልጅቷ ወዴት ነው የምታየው? ወደ አንቺ ነው። ያን ጊዜ ራስሽ ሄደሽ ቁሚ። «ወንድሜ፣ እጇን ልቀቅ» በዪው። ሒሳቡን ሳይከፍል ቢሄድ ይሂድ። ልጆቹ ያቺን ምሽት ለዓመታት አይረሷትም።

ከሥልጣን ማካፈል ጋር ደግሞ አንድ የማይካፈል ነገር አለ። እሱም ቃል ነው። በ1980ዎቹ፣ በፈረንጆቹ አቆጣጠር፣ ፓራሱራማን፣ ዘይትሃምልና ቤሪ የተባሉ ሦስት ምሁራን ደንበኛ አገልግሎትን በምን እንደሚመዝን አጠኑ። አምስት መመዘኛ አገኙ። የቤቱ መልክ፣ ቅልጥፍና፣ እምነት የሚጥል ሙያ፣ ለሰው ማሰብ፣ እና ያሉትን ማድረግ። ከአምስቱ ለደንበኛ ከሁሉም የሚበልጠው የመጨረሻው ሆኖ ተገኘ። መልኩ ብዙ ጊዜ መጨረሻ ነው የሚመጣው። እኛ ግን ገንዘባችንን የምናፈሰው መልኩ ላይ ነው። ጣሪያው ጂፕሰም፣ መብራቱ ሰባት ቀለም፣ ሻወሩ ቀዝቃዛ።

ከአዲስ አበባ 400 ኪሎ ሜትር መጥቶ ማታ የደረሰ ሰው ደሴ ላይ የሚፈልገው ሙቅ ውሃ ነው። ከተማዋ ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፤ የኅዳር ብርዷን ታውቂዋለሽ። «ሙቅ ውሃ አለ» ብለሽ በሩ ላይ ከጻፍሽ ይኑር። መብራት ጠፍቶ ከሌለ ሪሴፕሽኑ ቁልፉን ሳይሰጥ ይናገር፤ በባልዲ አሙቆ እንደሚያመጣም ይንገረው። የተነገረው ሰው አይቆጣም። የሚቆጣው ሳሙና ተቀብቶ ቧንቧውን ሲከፍት ያወቀው ነው።

ከሙቅ ውሃም የሚበልጥ የወሎ ቃል አለ። የእስላምና የክርስቲያን ሥጋ። ሁለቱንም የምትሠሪ ከሆነ ቢላው፣ መክተፊያው፣ ድስቱ፣ ማቀዝቀዣው፣ የሚሠራው ሰውም ይለይ። የጾም ቀን ደግሞ የጾሙ ድስት ቅቤ ከነካው ማንኪያ ይራቅ። ይህ የምግብ ዝርዝር ጉዳይ አይደለም። ሰው እምነቱን በእጅሽ ላይ አስቀምጦ ነው የሚበላው። እዚህ ላይ «በራሳችሁ ወስኑ» የለም። በየቀኑ ገብተሽ ራስሽ እዪው። አንድ ጊዜ ቢቀላቀልና ሠራተኛ ቢነግርሽ፣ ምግቡን ድፊና የነገረሽን አመስግኚ። እንዳይቀጣ ፈርቶ ዝም ቢል ግን እንግዳው ሳያውቅ ይበላዋል። የብርጭቆውን ታሪክ የነገርኩሽ ለዚህም ጭምር ነው።

ሥልጠና ላይ ብዙ አልልም። ስታርባክስ እ.ኤ.አ. በየካቲት 2008 መጨረሻ በአሜሪካ ያሉትን ወደ 7,100 የሚጠጉ ቡና ቤቶቹን በአንድ ምሽት ለጥቂት ሰዓታት ዘጋ። ቡና አፈላል እንደገና ለማሠልጠን ብሎ ነው። አንቺ መዝጋት አያስፈልግሽም። ከሰዓት 9 ሰዓት ገደማ ካፌው ጭር ሲል፣ በሳምንት አንድ ቀን፣ አንድ ነገር ብቻ አለማምጂ። አንዷ እንግዳ ትሁን፣ ሌላዋ ታስተናግድ። በየቀኑ ደግሞ ከፈረቃ በፊት አምስት ደቂቃ ቁሙ። ዛሬ ምን የለም፣ የትኛው ክፍል ቧንቧው ተበላሽቷል፣ ማን እንግዳ ይመጣል። «ዓሣ አለ?» ብሎ ለሚጠይቅ እንግዳ አዎ ብላ ሄዳ፣ ተመልሳ «አልቋል» የምትል አስተናጋጅ ጥፋቱ የእሷ አይደለም። ማንም አልነገራትም።

አሁን ወንድምሽ። ገንዘቡን ያፈሰሰ ሰው ቢሰጋ አልፈርድበትም። በሩቅ ሆኖ ያስባል፣ እንቅልፍ ያጣል። ግን ለካሸሯ በቀጥታ ሲደውል አንቺ ያለሽውን በአንድ ደቂቃ ያፈርሰዋል። ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ ይባል የለ? ሠራተኞቹ ማን ባለቤት እንደሆነ ግራ ከገባቸው ሁለታችሁንም አይሰሙም። በስልክ ስትጨቃጨቁ አይሆንም። ቀን ቅጠሪና በጽሑፍ ተስማሙ። በየእሑዱ ሦስት ነገር ትልኪለታለሽ፤ ገቢና ወጪ፣ ስንት ክፍል እንደተያዘ፣ ከደብተሩ ላይ የሳምንቱ ዋና ዋና ቅሬታ። እሱ ደግሞ ማንኛውንም ነገር ለአንቺ ብቻ ይናገራል። ካሜራው በር ላይና ካዝና ላይ ይቆይ፤ ለሌባ ጥሩ ነው። የሰው ፊት ለመጠበቅ ግን አይሁን። «እንዳልከው የትልልቆቹን አነበብኩ፤ እነሱ የሚሉት ይህን ነው» በዪው። እሱ ነው አንብቢ ያለሽ፤ ይሰማሻል ብዬ አስባለሁ።

አንድ ሥራ ልስጥሽና ላብቃ። የዚያን ቀን የሰርጉን ሰባት ስልክ ወረቀት ላይ ጻፊያቸው። ስኳር አልቆ ነበር? ጄኔሬተሩ ነዳጅ ጨርሶ? ክፍል ቅናሽ የጠየቀ ነበር? ሽሮ የመለሰ? በእያንዳንዱ ፊት ለፊት፣ ያን ጉዳይ ሳይደውል ሊወስን ይችል የነበረውን ሰው ስም አስቀምጪ። ከዚያ ለመወሰን ምን ጎድሎት እንደነበር ጻፊ። ገንዘብ ነው? ቁልፍ ነው? ፈቃድ ነው? ወይስ ከቅጣት መዳን? በዚህ ሳምንት ሁለቱን ፍቺ። በሚቀጥለው ሁለት። ሰባተኛው ምናልባት የአንቺው ሆኖ ይቀራል፤ ይቅር።

የሰርግ ወቅት ጥር ነው። ዘመድሽ ብዙ ነው፤ መጠራትሽ አይቀርም። ስትሄጂ ስልኩን ለእናትሽ ስጪያትና ምሳሽን ተቀምጠሽ ብዪ። ማታ ስንት ጊዜ እንደጮኸ ጠይቂያትና ጻፊልኝ።